ከስፌት መኪናው ባሻገር ያለው ሥራ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በብዙዎች አእምሮ የመጣው የስፌት ሥራ ነበር። የልብስ ፋብሪካ ግን በሰፊዎች ብቻ አይቆምም።

ሸሚዙ ከመሰፋቱ በፊት ፓተርን የሚያወጣና ጨርቅ የሚቆርጥ ባለሙያ ይፈለጋል። ጥራት ተቆጣጣሪው፣ የምርት መስመር ኃላፊው፣ የተበላሸ ማሽን የሚጠግነው መካኒክ፣ የእያንዳንዱን ሥራ ሰዓት ለክቶ መስመሩን የሚያመጣጥነው ኢንዱስትሪያል ኢንጂነርም አሉ። ጎበዝ ሰፊ በልምድና በሥልጠና ወደ ኃላፊነት ማደግ ይችላል።

በዘርፉ ሥራ የማጣት ስጋትም አለ። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትሰረዝ ከቀረጥ ነፃ የሆነው የአሜሪካ ገበያ ተዘጋባት፤ ሥራቸውን ያጡም ነበሩ። ስለዚህ ጀማሪ ወጣት በአንድ ገበያ የማይታጠር ሙያ ቢይዝ ይበጀዋል፤ የማሽን ጥገናና የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ በምግብ፣ በሲሚንቶና በመድኃኒት ፋብሪካዎችም ይፈለጋሉ።