ብቻውን የማይመረመር ልብ፦ ከማር ይስሐቅ እስከ ጀማ ንጉሥ

ማር ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ የቆየው 5 ወር ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ ኳታር የምትገኝበት የባሕረ ሰላጤ ምድር ያፈራው ይህ መነኩሴ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ተሾመ፤ ብዙም ሳይቆይ መንበሩን ትቶ ተራራ ገባ። ትምህርቱ በሱርስት ተጽፎ በዐረብኛ በኩል ግዕዝ ደረሰ። ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ተብሎ፣ ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጎን በትርጓሜ ቤት የራሱ ጉባኤ አለው። ስለ ውስጥ ሕይወት በሀገራችን ከተነገረው ሁሉ እንደዚህ ጉባኤ ጠልቆ የሄደ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ትምህርት ሰው በአንድ ሌሊት አይለወጥም። 10 መዓርጋት አሉ፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና ተብለው በ3 ይከፈላሉ። መጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ከከንቱ ነገር ዝም ማለት። ልባዌ ይከተላል፤ የሰሙትንና ያነበቡትን ማስተዋል። ከዚያ ጣዕመ ዝማሬ ይመጣል፤ አፍ የለመደው ጸሎት ምሥጢሩ ለልብ መጣፈጥ ሲጀምር ማለት ነው። ከዚያም አንብዕ፣ ኵነኔ፣ ፍቅር እያለ እስከ ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ ይወጣል። እኔን ዘወትር የሚገርመኝ የፍቅር ቦታ ነው። ስድስተኛ ነው። ዕንባ ይቀድመዋል፤ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛትም ይቀድመዋል። ጻድቅ ኃጥእ ሳይሉ ሰውን ሁሉ መውደድ ብዙ ከተደከመ በኋላ የሚደረስበት ነገር ነው።

ድካሙ ምን እንደሚመስል ገዳም የሄደ ያውቀዋል። አዲስ ገቢ መጽሐፍ ታቅፎ አይቀመጥም። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ይረዳል። በዋልድባ ገዳም እህል አይቀመስም፤ ምግቡ ከሙዝ የሚሰናዳው ቋርፍ ነው። ቆብ የሚጫነው መታዘዙ በግብር ከታየ በኋላ ነው፤ ከፍተኛው የምንኩስና ማዕርግ አስኬማ ግን ገና ሩቅ ነው።

ምእመኑም የራሱ ድርሻ አለው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ እስከ 16 ድረስ፣ በፍልሰታ፣ ውዳሴ ማርያምና ቅዳሴ ማርያም በየደብሩ ይተረጎማል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ይቆርባሉ። ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ገዳም ሱባኤ የሚገባው በሶውን ወይም ጥሬውን ቋጥሮ ይሄዳል። ሰው ሱባኤ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ስለ አንድ የከበደው ጉዳይ ነው፤ ትዳር፣ ሥራ፣ ስደት፣ ልጅ። ታዲያ አስተዋይ አባት አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጉዳዩ ሳይሆን «የንስሐ አባትህ ያውቃሉ ወይ?» ብለው ነው። በየመድረኩ «ራስህን ፈልግ» ከሚለው የዘመኑ ንግግር ይህ መንገድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰው በራሱ ልብ ላይ ብቻውን ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን የንስሐ አባቱን በስልክም ቢሆን የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንጌላውያን አማኞችም ዕለት ዕለት በግል የሚይዙትን የጥሞና ጊዜ ከጸሎት ቡድናቸው አይለዩትም።

ወሎ ስንገባ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ደጃፍ እናገኘዋለን። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥን የሱፊዎቹ የቃዲሪያ ጠሪቃ ማዕከል አደረጉት። ሙሪድ፣ ማለትም ደቀ መዝሙሩ፣ ነፍሱን የሚገራው በሸኹ እጅ ነው፤ ዚክሩንም ከእሳቸው ይቀበላል። ከኸልዋው ብቸኝነት በኋላ ሐድራው አለ፤ መንዙማው ሲወጣ ጀማው ይቀበላል። እንደ ሸኽ ጦልሃ ያሉ ዑለማእ አማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ ገበሬውም እረኛውም በሚሰማው ቋንቋ ማስተማራቸው ትልቅ ውለታ ነው። በየመንደሩ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ማድረግ፣ በረመዳን የመጨረሻ 10 ቀናት መስጊድ ገብቶ ኢዕቲካፍ መያዝም የዚሁ የልብ ምርመራ ክፍል ናቸው።

ቤተ እስራኤልም መነኮሳት ነበሯቸው። ትውፊታቸው ጅማሬውን ለ15ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ለአባ ሰብራ ይሰጣል። ምንኩስናው ቀርቷል፤ ስግድ ግን አለ። ከኪፑር፣ ከስርየት ቀን፣ በኋላ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፣ ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ። ግለሰቡ በኪፑር የራሱን ኃጢአት መርምሯል፤ በስግድ ማኅበሩ ራሱን ይመረምራል። ቀድሞ በጎንደር አምቦበር ይወጡ የነበሩት ዛሬ በኢየሩሳሌም ይሰበሰባሉ፤ እስራኤልም በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች።

ከሁሉ ብቸኛ የሚመስለው ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በ1667 እ.ኤ.አ. ተጻፈ የሚባለው ሐተታ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዳዊቱን ይዞ 2 ዓመት በዋሻ የኖረ ሰው ታሪክ ነው፤ ካህናቱ ስለ ሃይማኖት ሲጣሉ እውነቱን በልቡናው ይመረምራል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አሉ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። በመጽሐፉ እንደተነገረው ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ፣ ሀብቱ በተባለ ሰው ቤት ገባ፣ አገባ፣ ልጆች አስተማረ። በዋሻ ያሰበውን የጻፈውም ከተማሪዎቹ አንዱ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው።