ያረጀ ቲዩብ በምን ይተካ? የጊታር ማጉያና ፊዚክሱ

ትራንዚስተር በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 12ኤኤክስ7 የተሰኘች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ቫኪዩም ቲዩብ አስተዋወቀ። እንደሚታወቀው ትራንዚስተር ቲዩብን ከራዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከኮምፒዩተር ጠራርጎ አስወጥቶታል። ይህች ትንሽ ቲዩብ ግን ዛሬም ትመረታለች፤ ዋነኞቹ ደንበኞቿም የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ናቸው።

ሙዚቀኞች «ሃይ ጌይን» የሚሏቸው፣ በሮክና በሄቪ ሜታል ሙዚቃ የሚሰማውን የሚያጓራ ድምፅ የሚሰጡ ማጉያዎች በርካታ ቲዩቦችን ይይዛሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበው ፒቪ 5150 አምስት 12ኤኤክስ7 እና አራት 6ኤል6ጂሲ ቲዩቦች አሉት። ቲዩብ እንደ አምፖል ስለሚያረጅ መተካቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «ሞቃት»፣ «ጣፋጭ»፣ «ለስላሳ» በሚሉ ማስታወቂያዎች መካከል ይቆማል። የአንዱ ቲዩብ ዋጋ የሌላው አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ ገንዘባችንን የት ላይ ብናውል ይበጃል? የተሳሳተ ምርጫስ ምን ያስከትላል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን።

በመስታወቱ ውስጥ

በቲዩቡ መካከል ካቶድ የሚባል፣ በባሪየምና በስትሮንቲየም ኦክሳይድ የተለበጠ የኒኬል ቱቦ ይገኛል። እርሱም እስከ 1000 ኬልቪን ገደማ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከገጹ ይፈልቃሉ። ይህን ክስተት የሚገዛውን ሕግ ያገኘው እንግሊዛዊው ኦወን ሪቻርድሰን የ1928 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ኤሌክትሮኖቹ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ወዳለው ፕሌት ይጓዛሉ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 በሁለቱ መካከል ግሪድ የተባለውን ሽቦ በማስገባቱ ጉዞውን በትንሽ ቮልቴጅ መቆጣጠር ተቻለ።

የ12ኤኤክስ7 የማጉላት ፋክተር 100 ነው። ይህም ማለት በግሪዱ ላይ የ1 ቮልት ለውጥ በፕሌቱ ላይ ከሚደረግ የ100 ቮልት ለውጥ ጋር እኩል ኃይል አለው ማለት ነው። በእውነተኛ ሰርኪዩት ውስጥ ግን ከዚህ ያነሰ እናገኛለን። የቲዩቡ የውስጥ ሬዚስታንስ 62.5 ኪሎ ኦም፣ የፕሌቱ ሬዚስተር ደግሞ 100 ኪሎ ኦም ቢሆን የማጉላቱ መጠን 100 × 100 ÷ 162.5፣ ማለትም 61.5 ገደማ ይሆናል።

እንዲህ ያሉ አራት ደረጃዎች ተከታትለው ቢቀመጡና በመካከላቸው ምንም ማዳከሚያ ባይኖር ውጤቱ ከ13 ሚሊዮን እጥፍ በላይ በሆነ ነበር። ንድፍ አውጪዎች በየደረጃው መካከል ሲግናሉን ሆን ብለው ቢያዳክሙትም ቀሪው ማጉላት እጅግ ከፍተኛ ነው። ከዚህ አንድ መሠረታዊ መርህ ይከተላል፦ የመጀመሪያው ቲዩብ የሚያወጣው ጫጫታ በሁሉም ደረጃዎች ይባዛል፤ የመጨረሻው ቲዩብ ጫጫታ ግን ብዙም አይባዛም። ስለዚህ ጥንቃቄያችን ሁሉ ጊታሩ ከሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ባለው ቲዩብ ይጀምራል።

ጫጫታው ከየት ይመጣል?

ብዙዎች «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ሲሰሙ ወዲያውኑ ቲዩቡን ይከሳሉ። ነገር ግን በርካታ የጊታር ማጉያዎች በመግቢያቸው ላይ 68 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር አላቸው። ጆንሰንና ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳዩት ማንኛውም ሬዚስተር በሙቀቱ ምክንያት ብቻ ጫጫታ ያመነጫል። በ300 ኬልቪንና በ10 ኪሎ ኸርትዝ የድግግሞሽ ስፋት ብናሰላው ይህ ሬዚስተር ብቻውን 3.4 ማይክሮ ቮልት ገደማ ይሰጣል።

አሁን ቲዩቡ ራሱ 2 ማይክሮ ቮልት ጫጫታ አለው እንበል። ሁለቱ ጫጫታዎች እርስ በርስ ስለማይገናኙ የሚደመሩት በስኩዌራቸው ነው፤ ድምሩም 3.9 ማይክሮ ቮልት ይሆናል። ይህን ቲዩብ ምንም ጫጫታ በሌለው፣ በዓለም ላይ በማይገኝ ፍጹም ቲዩብ ብንተካው ወደ 3.4 እንወርዳለን። ትርፋችን 1.3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ልዩነት። በአንጻሩ 10 ማይክሮ ቮልት የሚያወጣ የተበላሸ ቲዩብ ቢገባ ድምሩ ወደ 10.6 ከፍ ይላል። ይህም የ8.6 ዴሲቤል ጭማሪ ነው፤ ማንም ሰው ይሰማዋል።

ከዚህ ቀላል ስሌት የምናገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። በቲዩብ ምርጫ ውስጥ ዋናው ሥራ ከደህናዎቹ መካከል ምርጡን ማደን ሳይሆን መጥፎውን ለይቶ ማስወገድ ነው።

ሌላው የቲዩብ ሕመም «ማይክሮፎኒክ» መሆን ነው። ከስፒከሩ የሚመጣው ንዝረት ግሪዱን ሲያንቀጠቅጠው በግሪዱና በካቶዱ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል፤ በዚህም ሳቢያ ቲዩቡ እንደ ማይክሮፎን ይሆናል። ማጉላቱ ከፍተኛ ከሆነ ንዝረቱ ተመልሶ ራሱን ይመግብና ማጉያው ያለ ጊታር ማፏጨት ይጀምራል። በመስታወቱ ላይ በእንጨት እርሳስ በቀስታ መታ መታ ማድረግ በሽተኛውን ለመለየት ይረዳል። ትንሽ ድምፅ ከሁሉም ይሰማል፤ እንደ ደወል የሚያቃጭለው ግን ከመጀመሪያው ሥፍራ ይነሣ። እንዲህ ያለው ቲዩብ ማጉላት አነስተኛ ወደሆነበት ሥፍራ ተዛውሮ ሊያገለግል ስለሚችል ወዲያውኑ መጣል የለበትም።

ቁጥሩን መለወጥ

በ12ኤኤክስ7 ሶኬት ላይ የሚገጥሙ ሌሎች ቲዩቦችም አሉ። የማጉላት ፋክተራቸው ለ5751 70፣ ለ12ኤቲ7 60፣ ለ12ኤዩ7 ደግሞ ከ17 እስከ 20 ነው። ይሁንና ፋክተሩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። 12ኤቲ7 ለከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት የተሠራ በመሆኑ ለ12ኤኤክስ7 በተመረጡ ሬዚስተሮች መካከል በተገቢው ነጥብ ላይ ላይሠራ ይችላል። በዚህ ረገድ 5751 የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ሰርኪዩት ውስጥ 44 እጥፍ ገደማ ያጎላል።

በመጀመሪያው ሥፍራ 5751 ብናስገባ የማጉላቱ መጠን በ3 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አስገራሚው ነገር ጊታሩ ጮክ ብሎ ሲመታ ድምፁ ብዙም አለመቀነሱ ነው። ከጊታሩ የሚመጣው 0.1 ቮልት ገደማ በመጀመሪያው ደረጃ 6 ቮልት ይደርሳል፤ ተከታዩ ቲዩብ ግን ግሪዱ ላይ ሁለት ቮልት ያህል ሲደርሰው የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ ይጀምራል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም ቁመቱ ብዙ አይለወጥም። በኖታዎቹ መካከል የሚሰማው ሽሽታ ግን ስላልተቆረጠ በሙሉ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የጌይን ማዞሪያውን በጥቂቱ ወደ ኋላ በመመለስም ያለ ምንም ወጪ ከሞላ ጎደል ይገኛል።

የኃይል ቲዩቦች ጉዳይ

እስካሁን ያየናቸው ትናንሽ ቲዩቦች ባያሳቸውን በካቶድ ሬዚስተራቸው አማካይነት በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ነቅሎ መተካት ብቻ ይበቃል። ስፒከሩን የሚነዱት ትላልቆቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በብዙ ማጉያዎች ውስጥ ግሪዳቸው ከውጭ የሚመጣ ቋሚ ነጌቲቭ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። ይህ ቮልቴጅ ለአንዱ ቲዩብ ልክ ሆኖ ለሌላው ሊያንስ ይችላል፤ ካነሰም ፕሌቱ እስኪቀላ ድረስ ይግላል።

6ኤል6ጂሲ በፕሌቱ ላይ እስከ 30 ዋት፣ ኢኤል34 ደግሞ እስከ 25 ዋት ሙቀት ይችላል። የተለመደው የባለሙያዎች ደንብ ሙዚቃ በሌለበት ጊዜ ከዚህ 70 በመቶ እንዳይታለፍ ነው። የፕሌቱ ቮልቴጅ 450 ከሆነ ለመጀመሪያው 46.7፣ ለሁለተኛው 38.9 ሚሊ አምፔር ይወጣል። ሁለቱ ቲዩቦች በአንድ ዓይነት ሶኬት ላይ ቢገጥሙም አንዱ የሌላው ምትክ ነው ማለት አይደለም። የኢኤል34 ማሞቂያ በ6.3 ቮልት 1.5 አምፔር ሲወስድ የ6ኤል6ጂሲ 0.9 ብቻ ይወስዳል። አራቱም ቢለወጡ ትራንስፎርመሩ 2.4 አምፔር፣ ማለትም 15 ዋት ተጨማሪ ጭነት ይደርስበታል። ለዚህ ካልተሠራ ይቃጠላል፤ ዋጋውም ከቲዩቦቹ ይበልጣል።

እነዚህ ቲዩቦች የሚገዙት ጅረታቸው ተለክቶ የተጣመሩ ሆነው ነው። በግራና በቀኝ ያለው ጅረት ካልተመጣጠነ የውጤት ትራንስፎርመሩ ኮር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ከኃይል ምንጩ የሚመጣው ጉምጉምታም ሳይጣፋ ይቀራል። ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለዚህ ልኬት ነው።

ስለ ገበያው

በገበያ ላይ በርካታ የንግድ ስሞች ቢኖሩም ፋብሪካዎቹ ጥቂት ናቸው። ከታወቁት መካከል በሩሲያ ሳራቶቭ ከተማ የሚገኘው ፋብሪካና የስሎቫኪያው ጄጄ ኤሌክትሮኒክ ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሩሲያ የኤክስፖርት ገደብ ባወጣች ጊዜ የሳራቶቭ ምርቶች ለጊዜው ተቋርጠው በዓለም ገበያ ዋጋ መናሩ የምንጮቹን ማነስ አሳይቷል። ሳራቶቭ ቱንግ ሶልና ሙላርድ የተባሉትን የቀድሞ ታላላቅ ስሞች ይዞ ቢያመርትም ስሙ የጥንቱን ፋብሪካ አያስመልስም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ሻጩ ቲዩቡን ለጫጫታና ለማይክሮፎኒክ መፈተሹንና ዋስትና መስጠቱን እንጠይቅ።

ለተግባር

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ደህና የሚሠራ ቲዩብ በወሬ ብቻ አይነቀል። ችግር ሲኖር የታወቀ ጤናማ ቲዩብ ይዘን አንድ በአንድ እየቀየርን እናዳምጥ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ጥፋተኛው የትኛው እንደነበረ አያውቅም። በመስታወቱ አናት ላይ ያለው ብርማ ቅብ ከነጣ አየር ገብቷልና ቲዩቡ አልቆለታል። በመስታወቱ ገጽ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ፍካት ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

ከሁሉ በላይ ሕይወትን እናስቀድም። በማጉያው ሣጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይህን ቻርጅ አቆይተው ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ስለዚህ ቲዩብ የሚነቀለው ማጉያው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሻሲውን ከፍቶ ባያስ መለካት ግን በዚህ ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። ስፒከር ያልተገናኘበትን የቲዩብ ማጉያ ማስነሣትም ትራንስፎርመሩን ለጉዳት ይዳርጋል።

ድምፅን መውደድ የጆሮ ጉዳይ ነው፤ ፊዚክስ በዚያ ላይ አይፈርድም። ነገር ግን የትኛው ልዩነት በሬዚስተሩ ጫጫታ ውስጥ ሰጥሞ እንደሚቀር፣ የትኛው ደግሞ ትራንስፎርመር እንደሚያቃጥል አስቀድሞ ሊነግረን ይችላል። አንድ ገጽ ስሌት ሠርቶ ወደ ገበያ የሚወጣ ተማሪ ኪሱንም፣ መሣሪያውንም፣ ራሱንም ይጠብቃል።