ድሮ ሰው እየሮጠ ነበር የሚኖረው?

ስለ ድሮ ፊልም ሲነሳ የብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ምስል ነው፤ ባርኔጣ የደፉ፣ የሚንቀጠቀጡ፣ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሱ ሰዎች። ልጅ ሳለሁ በቴሌቪዥን ሳያቸው የዚያ ዘመን ፈረንጅ ሁሉ እየሮጠ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ ግን የሰዎቹ አይደለም። በድምፅ አልባው ዘመን የካሜራ ባለሙያው እንደ ቡና መፍጫ እጀታ እያዞረ ነበር የሚቀርጸው፤ በሰከንድ 16፣ 18 ወይም 20 ምስል፣ እንደ እጁና እንደ ትዕይንቱ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ላይ ረጋ። በ16 የተቀረጸ በ24 ሲታይ ቀብር እንኳ ሩጫ ይሆናል። ያ ሁሉ ትውልድ የሳቀው በማሳያው ማሽን ስህተት ነበር። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ነው የድሮ ፊልም ሂስ "ወደድኩት" ወይም "ጠላሁት" ከማለቱ በፊት ሌላ ጥያቄ ያለበት። ለመሆኑ ያየሁት ምንድን ነው? የትኛው ቅጂ? ማን ቆራርጦ የተወው?

"ድምፅ አልባ" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የሉሚየር ወንድማማቾች በዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች አንድ ደቂቃ የማይሞሉ ፊልሞቻቸውን ካሳዩ በኋላ፣ ሲኒማ በሄደበት ብዙ ጊዜ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ አልተለየውም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከሸራው ጎን ሆነው ታሪኩን ይተርኩ፣ የተዋንያኑንም ንግግር እንደየገጸ ባሕርዩ ይናገሩ ነበር። ተመልካች ለፊልሙ ሳይሆን ለተራኪው ብሎ የሚገባበት ጊዜ ነበር። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ እንጀራቸው ተዘጋ። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት የወጣለት ስም "የሰይጣን ቤት" ነው። በጨለማ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ላየ ሰው ሌላ ምን ስም ይመጣለታል?

ከዚያ ዘመን የደረሰን ግን ትርፍራፊው ነው። ፊልሙ የሚታተምበት ናይትሬት እንደ ክብሪት የሚቀጣጠል፣ ባይቃጠል እንኳ በጊዜ ብዛት የሚበሰብስ ነገር ነበር። ኩባንያዎቹም ድምፅ ከመጣ በኋላ ለአሮጌው መጋዘን የሚከፍሉበት ምክንያት አልታያቸውም። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ ይዞታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የተረፉትም በአጋጣሚ ነው። የካርል ድሬየር የ1928 ፊልም "የዣን ዳርክ ሕማማት" ዋናው ኔጋቲቭ ተቃጥሎ፣ ፊልሙ ለአሥርት ዓመታት የሚታየው በተጎዳና በተቆራረጠ ቅጂ ነበር፤ በ1981 ኦስሎ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሳጥን ውስጥ ንጹሕ ቅጂ ተገኘ። የፍሪትዝ ላንግ "ሜትሮፖሊስ" በ1927 በርሊን ከተመረቀ በኋላ እጅግ ተቆራርጦ ነበር። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ ሙሉ ሊባል የሚችል ቅጂ ሲገኝ፣ "ታሪኩ የተምታታ ነው" ብለው ሲተቹ የኖሩ ሰዎች ሲተቹ የኖሩት መቀሱን እንደነበር ታወቀ።

ሳንሱርም ሌላው መቀስ ነው፤ እሱ ግን አንዳንዴ ብልሃት ይወልዳል። በአሜሪካ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሃይስ ደንብ ረጅም መሳሳም አይፈቅድም ነበር። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1946ቱ "ኖቶሪየስ" ኬሪ ግራንትንና ኢንግሪድ በርግማንን ጥቂት ሰከንድ እያሳሳመ፣ እያላቀቀ፣ ስለ እራት እያስወራ፣ ደግሞ እያሳሳመ ትዕይንቱን ከሁለት ደቂቃ በላይ አስኬደው። ደንቡ አልተጣሰም፤ ተመልካቹ ግን አንድ ረጅም መሳሳም አየ።

ብዙ ወጣት ተመልካች የሚያማርረው ዝግታውን ነው። በያሱጂሮ ኦዙ "የቶኪዮ ታሪክ" (1953) የሚሆነው ጥቂት ነው። ሽማግሌ ባልና ሚስት ከኦኖሚቺ ተነስተው ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ወላጆቹ ወደ ፍል ውኃ መዝናኛ ይሸኛሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የምትንከባከባቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት። ካሜራው ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ሆኖ አይነቃነቅም ለማለት ይቻላል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ እንግዳ አይደለም፤ ቤት ከዚያ ሲታይ ሌላ ነው። ዝግታውም የቴክኒክ ድህነት አይደለም። ኦዙ ሰው ከክፍል ከወጣ በኋላ ባዶውን ክፍል የሚያቆይልን፣ የእናትየው ቦታ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ምን እንደጎደለ እንድናውቅ ነው። ልጆቹ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ፊልሙ በቀለለ። ክፉዎች አይደሉም፤ ጊዜ የላቸውም። እናቱን ከአገር ቤት ወደ ዋሽንግተን አስመጥቶ በፈረቃ ሥራ መካከል የሚያስተናግድ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ወንበሩ ሳይቆረቁረው አይቀርም።

እዚህ ላይ የማልስማማበት ልማድ አለ፤ ያረጀን ሁሉ ማክበር። ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ በ1915 የሠራው "የአንድ ሕዝብ ልደት" በየመማሪያ መጽሐፉ የኤዲቲንግ አባት ተደርጎ ይጠቀሳል። የፊልሙ ማሳረጊያ ኩ ክሉክስ ክላን ነጮችን ሊያድን የሚጋልብበት ትዕይንት ነው፤ በዚያው ዓመት ክላኑ ራሱ ዳግም ተመሠረተ። "ይዘቱ መጥፎ፣ ጥበቡ ግሩም" የሚለው የተለመደ ፍርድ አያሳምነኝም። ጋላቢዎቹንና የተከበቡትን እያፈራረቀ የሚያሳየው ያ ጥበብ ሥራው እኮ "በደረሱ!" ብለን እንድንመኝ ማድረግ ነው፤ መርዙ ያለው እዚያው ፍርርቁ ውስጥ ነው። መታየት የለበትም ማለቴ አይደለም። ከኦስካር ሚሾ "በደጆቻችን ውስጥ" (1920) ጋር ይታይ። ከጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር እጅ ወጥተው ከተረፉት ረጃጅም ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ይህ ሥራ፣ ያለ ፍርድ የሚሰቀሉ ጥቁሮችን ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ስፔን ውስጥ በሌላ ርዕስ ተገኘ። ገንዘብ እንዳጠረው ይታያል፣ ታሪኩም እዚህም እዚያም ይዘላል፤ ሚሾንም በወግ መተቸት አለብን፣ እንደ ችግረኛ ለእሱ ማዘን ንቀት ነው።

ምርጥ የሚባሉት ፊልሞች ዝርዝርም ቢሆን የማይናወጥ አለት አይደለም። የእንግሊዙ "ሳይት ኤንድ ሳውንድ" መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሃያሲዎችን ይጠይቃል። መጀመሪያ አንደኛ የወጣው የዴ ሲካ "የብስክሌት ሌቦች" ገና አራት ዓመቱ ነበር። ከ1962 እስከ 2002 የኦርሰን ዌልስ "ሲትዝን ኬን" ዙፋኑን ይዞ ቆየ፤ በ2012 "ቨርቲጎ" አወረደው፤ በ2022 ደግሞ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ድንች ስትልጥና ቤት ስታሰናዳ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያሳየው የሻንታል አከርማን "ዣን ዲልማን" አንደኛ ሆነ። የተለወጡት ፊልሞቹ አይደሉም፤ የሚጠየቁት ሰዎች ናቸው።

በዚያው የ2022 ዝርዝር ከገቡት አንዱ የሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን "ላ ኑዋር ደ…" (1966) ነው። ድዩዋና የምትባል ወጣት ልጆች ትጠብቃለሽ ተብላ ከዳካር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ትሄዳለች፤ ስትደርስ ምግብ አብሳይ፣ ጽዳት፣ የቤት እስረኛ ትሆናለች። መጨረሻዋን አልናገርም፤ ቤይሩት ወይም ጂዳ እህት ያለችው አንባቢ ይገምተዋል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አንድም ትርፍ ነገር የለውም። አንድ ትችት ግን አለኝ። የድዩዋናን ሐሳብ የምንሰማው በጠራ ፈረንሳይኛ፣ በሌላ ሴት ድምፅ ነው። አፍ የተነፈጋትን ሴት ልብ በቀጣሪዎቿ ቋንቋ ማናገር ከፊልሙ ዓላማ ጋር ይጣላል። ሴምቤንም ሳይታየው አልቀረም፤ በ1968 "ማንዳቢ"ን በወሎፍ ሠራ።

የራሳችን ዶሴ ቀጭን ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው "ሂሩት አባቷ ማነው?" የወጣው በ1957 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ግን የኃይሌ ገሪማን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" (1976) ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ስለ ባለመሬትና ስለ ጭሰኞቹ። የውጭ ሃያሲ ስለ ምስሉና ስለ ዝግታው ብዙ ጽፏል። ጭሰኛው ጌታውን "አንቱ" ሲል፣ ጌታው ጭሰኛውን "አንተ" ሲል ግን፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ አንድ ቃል ይሆናሉ። እኛ ሥርዓቱን በሙሉ በአንድ ፊደል ስንሰማው እነሱ ሜዳውን ያያሉ።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ወደ "የቶኪዮ ታሪክ" ተመለስኩ። ጃፓንኛም አክብሮት በግሥ የሚገለጽበት ቋንቋ ነው። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍኜ ኖሪኮ አማቶቿን፣ ልጆቹ ወላጆቻቸውን የሚያናግሩበትን ድምፅ አዳመጥኩ። ቃሉን አላወቅሁም፤ ማን ማንን አንቱ እንደሚል ግን ለመለየት ሞከርኩ።