ንባብ አልገፋ ሲል፦ ችሎታው ለምን ይላላል? እንዴትስ ይመለሳል?

ለዓመታት መጽሐፍ ከእጃቸው ተለይቶ የማያውቅ ሰዎች አንድ ወቅት ላይ ንባብ አልገፋ ይላቸዋል። ዓይን በመስመሩ ላይ ይሄዳል፤ ገጹ ሲያልቅ ግን የተነበበው ነገር አይታወስም። እንደገና ከላይ ይጀመራል፤ ጥቂት መስመሮች ሳይቆዩ እጅ ወደ ስልክ ይዘረጋል። ብዙዎች ይህን የስንፍና ወይም የዕድሜ መግፋት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። የንባብ ሳይንስ ግን ሌላ ማብራሪያ አለው፤ ንባብ በልምምድ የተገነባ ችሎታ በመሆኑ ልምምዱ ሲቋረጥ ይላላል፤ ሲቀጥልም ይመለሳል።

ሰው ንግግርን ከአካባቢው በመስማት ብቻ ይለምዳል፤ ንባብን ግን መማር አለበት። ጽሕፈት ከተፈለሰፈ ከ5 ሺህ ዓመታት ብዙም ያልዘለለ በመሆኑ፣ አንጎል ለንባብ ብቻ የተፈጠረ ክፍል የለውም። ፈረንሳዊው የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃን እንደሚያስረዱት፣ ማንበብ ስንማር አንጎል ፊትንና ዕቃን ለመለየት ከሚጠቀምበት የዕይታ ክፍል ጥቂቱን ለፊደል ያውለዋል። ይህ ስፍራ በግራው የአንጎል ክፍል፣ ወደ ኋላና ወደ ታች ይገኛል።

የለመደ አንባቢ ዓይን በመስመሩ ላይ እየዘለለ ይጓዛል እንጂ ሳያቋርጥ አይንሸራተትም። በአንድ ቦታ የሚያርፈውም በአማካይ ለሩብ ሰከንድ ያህል ነው። ቃላትን መለየት ያለ ድካም ሲከናወን የአእምሮ አቅም ለትርጉሙ ይተርፋል። ቅልጥፍናው ሲቀንስ ግን አቅሙ ፊደል በመልቀም ያልቅና ሐሳቡ ይበተናል።

ሁለተኛው ምክንያት ትኩረትን ይመለከታል። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ አንድን ሥራ ሳይቋጩ ወደ ሌላ ሲያልፉ የሐሳብ ክፋይ በፊተኛው ሥራ ላይ ይቀራል። መልእክት ሲመልስ ቆይቶ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰውም ከመጽሐፉ ፊት የሚቀመጠው በግማሽ ልቡ ነው።

በውጭ አገር የሚኖር የአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሌላ ጫና አለበት። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ ወይም በጀርመንኛ ሲያነብ ይውላል፤ አማርኛው ለአጫጭር መልእክቶች ብቻ ይቀራል። የአማርኛ 33 ዋና ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ቅርጽ ስላላቸው በጠቅላላው 231 ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት በጥቃቅን ጭረቶች ነው። ቃላቱም ብዙ ይሸከማሉ፤ «አልነገረችንም» የሚለው አንድ ቃል ድርጊቱን፣ ባለቤቷን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድነት ይዟል። ስለዚህ በቃል ላይ መዘግየት በአማርኛ የሐሳቡን ፍሰት በእጅጉ ያቋርጣል። መዘዙ በአንባቢው ላይ ብቻ አያበቃም፤ ወላጆቹ አማርኛ ሲያነቡ አይቶ የማያውቅ ልጅ ቋንቋውን የስልክ ጨዋታ ቋንቋ ብቻ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

የጠፋው ችሎታ መመለሱን ከሚያሳዩት አንዷ አሜሪካዊቷ የንባብ ሳይንቲስት ሜሪያን ዎልፍ ናቸው። በወጣትነታቸው የወደዱትን የሄርማን ሄሰን ረጅም ልብ ወለድ ዳግም ሊያነቡ ሞክረው እንዳቃታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈዋል። መፍትሔ ያደረጉት በየቀኑ 20 ደቂቃ ብቻ ማንበብን ነበር፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም የቀድሞው ርጋታ ተመለሰላቸው።

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ሞተር በአንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት አይጫንበትም፤ ንባብም እንዲሁ ነው። በ20 ደቂቃ፣ በተወሰነ ሰዓት መጀመር ይበቃል። ለመነሻ የሚመረጠው አጭር ልብ ወለድ ወይም ቀድሞ የተወደደ መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩ የታወቀ ሲሆን አእምሮ የሚመጣውን ስለሚገምት ድካሙ ይቀላል። ስልኩ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ቁም ነገር ለመጨበጥ ከሆነ ደግሞ ወረቀት ይመረጣል፤ ከ170 ሺህ በላይ ተሳታፊዎች የነበሩባቸውን 54 ጥናቶች አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትንተና፣ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ከስክሪን ይልቅ በወረቀት የተሻለ እንደሚገባ አሳይቷል። በልብ ወለድ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም።

ዓይን የዘገየበትን ጆሮ ሊያግዝ ይችላል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከበት ድምፅ ዛሬም ይገኛል፤ መጽሐፉን ገልጦ መስመር በመስመር እየተከተሉ ማድመጥ የፊደሉን ቅርጽና የቃሉን ድምፅ መልሶ ያቆራኛል። ለልጆች ድምፅ አውጥቶ ማንበብም ለሁለቱም ወገን ልምምድ ነው። ያልያዘን መጽሐፍ ደግሞ በግዴታ ከመጨረስ ይልቅ አስቀምጦ ሌላ ማንሣት ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከ40 ዓመት ዕድሜ ወዲህ የዓይን ሌንስ እየደደረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ መፍትሔውም መነጽር ሊሆን ይችላል። ከንባቡ ጋር እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ለሌላውም ነገር ያለ ጉጉት አብሮ ከጠፋ ደግሞ የድባቴ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማማከር ይገባል። ከዚህ ውጭ ያለው የንባብ መላላት ግን ዛሬ ማታ በሚነበቡ ሁለትና ሦስት ገጾች መጠገን ይጀምራል።