ሳይጠመድ የሚሸጠው ዓሣ

የተጠመደ ዓሣ የሚሸጠው አንዴ ነው። ኤስታርቲት በተባለችው የስፔን የባሕር ዳርቻ ከተማ ግን ሳይጠመድ በየቀኑ የሚሸጥ ዓሣ አለ። ገዢው ዓይቶት ይመለሳል፤ ዓሣው እዚያው ለነገው ደንበኛ ይቆያል።

ገበያው ያለው ከከተማዋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በሚገኙት ሰባት የሜዴስ ደሴቶች ነው። ቀድሞ በአካባቢው መረብ ይጣል፣ ለጌጥ የሚሆን ቀይ ኮራልም ይለቀም ነበር። የካታሎንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 በደሴቶቹ ዙሪያ ዓሣ ማጥመድን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ግሩፐር የተባለው ትልቅ ዓሣ በረከተ፤ ጠላቂዎችም ተከትለውት መጡ።

ደንበኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መነጽር፣ መተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ይዞ ነፋስ በማይደርስባቸው ወሽመጦች ላይ ተንሳፎ ቁልቁል የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የሚጠልቀው ሲሆን፣ ለዚህ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይታመቅበታል። ይሁን እንጂ በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን አየሩም በእጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ጠልቆ የሄደ ደንበኛ የገዛው ሰዓት ያጥርበታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጥናት ያወጡ ተመራማሪዎች፣ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ይህ ጥብቅ ሥፍራ በቱሪዝም በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚያስገባ ገምተዋል። ጀልባ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና የመሣሪያ ኪራይ ሁሉ ከዚሁ ይቋደሳሉ።

ችግሩ ዕቃውን የሚያበላሸው ራሱ ገዢው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በድንጋይ ላይ እንደ ቅጠል ተደራርባ የምታድግ አንዲት ተሰባሪ የባሕር እንስሳ ጠላቂ በሚበዛባቸው ቦታዎች ቁጥሯ አንሶ ተገኝቷል። አንድ ያልተጠነቀቀ እግር ዓመታት የፈጀውን ዕድገት በቅጽበት ይሰብረዋል።

ስለዚህ ጀልባዎች መልሕቅ ጥለው የባሕሩን ወለል እንዳያርሱ ከተንሳፋፊ ማሠሪያ ጋር ይታሠራሉ፤ ለመጥለቅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጠላቂዎቹም ቁጥር የተወሰነ ነው። ገንዘቡን ይዞ የመጣን ደንበኛ «ለዛሬ ሞልቷል» ብሎ መመለስ ለነጋዴ መራራ ነው። የኤስታርቲት ነጋዴ ግን መጋዘኑ ባሕሩ ነው፤ አንዴ ከተራቆተ የሚሞላለት አከፋፋይ የለውም።