በካናቴራ ላይ ሥዕል ከማሳተም አስቀድሞ ጨርቁን መምረጥ እንደሚገባ

ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሐይ ከመጠበቁ በላይ የሰውን ደስታና ኀዘን ለተመልካች የሚገልጥ ዝምተኛ ምስክር ነው። ነጠላችን እንኳ አንድ ሲሆን ለበዓል፥ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ አለባበሱ የተለያየ የሆነው ስለዚህ ነው። እናቶቻችንም ልብስ ሲያሠሩ ከጥለቱ አስቀድመው ፈትሉን ይመረምሩ ነበር፤ «ጠርዙን አይተህ ሸማውን ግዛ፤ እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የተባለውም ምሳሌ ከዚሁ ጥንቃቄ የተገኘ ነው።

በዘመናችን ግን ከሸማው ጐን አንድ ሌላ ልብስ ገብቶ በደስታችንም በኀዘናችንም ቦታ ይዟል። ይኸውም ቀድሞ ካናቴራ እንለው የነበረው፥ ዛሬ ብዙ ሰው ቲሸርት የሚለው፥ እጅጌው አጭር የሆነው ልብስ ነው። ስሙ ከቅርጹ የመጣ ነው፤ ተዘርግቶ ሲታይ ቲ የተባለውን የላቲን ፊደል ይመስላልና። በላዩ ጽሕፈትና ሥዕል እያሳተሙ መልበስ በአገራችን ከተሞች ሁሉ እንደ ተለመደ በፍኖተ ሰላምና በቡሬም ተለምዷል። ተማሪዎች ሲመረቁ፥ ወጣቶች ታቦት ሲያጅቡ፥ ሚዜዎች ሠርግ ሲያደምቁ፥ ከሁሉም ይልቅ ቤተ ሰብ የሟቹን መታሰቢያ ሲያደርግ ይህን ልብስ አሳትሞ ይለብሳል።

ነገሩ በሌላው ዓለምም ቢሆን እጅግ የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የቶማስ ዲዊ ደጋፊዎች ያሳተሙት ካናቴራ በዚህ ረገድ ከታወቁት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው። በአገራችን ደግሞ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አንድ ዐይነት ካናቴራ የለበሰ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚያምር አሳይቷል። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር። የሩጫው ቀን ካለፈ በኋላም ልብሱ በየመንደሩ ለዓመታት ሲለበስ እናየዋለን። እንግዲህ የታተመ ካናቴራ የአንድ ቀን ነገር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ለምሳሌ ያህል አባቱ የሞቱበትን አንድ የፍኖተ ሰላም ቤተ ሰብ እናስብ። ልጆቹ ለሙት ዓመቱ የአባታቸውን ፎቶግራፍ በ60 ካናቴራ ላይ ለማሳተም ይስማማሉ። ገንዘቡን እንደየዐቅማቸው ያዋጣሉ፤ በገጠር ያሉት ዘመዶችም እህል ሸጠው ድርሻቸውን ይልካሉ። ከማተሚያው ቤት ደርሰው ስለ ሥዕሉ መጠንና ስለ ጽሕፈቱ መልክ ብዙ ይነጋገራሉ፤ ስለ ካናቴራው ግን የሚጠይቁት «ርካሹ የቱ ነው?» ብለው ብቻ ነው። የመታሰቢያው ዕለት ሁሉ አምሮ ይውላል። በሳምንቱ ግን እናት የልጃቸውን ካናቴራ ዐጥበው ከገመድ ላይ ሲያነሡት የባለቤታቸው ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ተሰነጣጥቆ፥ አንዱ ዐይን ተልጦ ያገኙታል። «እንዲህ ከሚሆን ባይታተም በተሻለ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የቀበርኋቸው መሰለኝ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

የዚህ ኀዘን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሥዕሉ አይደለም፤ ሥዕሉን የተሸከመው ጨርቅ ነው። ስለዚህ ጨርቁን እንዴት እንደምንመረምር ቀጥለን እንናገራለን።

ሸማ የሚሠራው ድርና ማግ ተሻግረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የታወቀበት አቡጄዲም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። የካናቴራ ጨርቅ ግን እንደ ሹራብ ነው፤ አንዱ ክር በቀለበት እየተጠማዘዘ ከሌላው ቀለበት ጋር ይያያዛል። ስለዚህም ሲስቡት ይለጠጣል፤ ሲለቁት ይመለሳል። በላዩ የተለጠፈው ቀለም ግን ከጨርቁ ጋር እኩል መለጠጥ ካልቻለ ይሰነጠቃል። ጨርቁ ስስና ልል በሆነ መጠን ይህ ጕዳት ይፈጥናል።

አንደኛ፥ የክሩን ዐይነት መለየት ያስፈልጋል። ካናቴራ ከጥጥ ብቻ፥ ፖሊስተር ከሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ብቻ፥ ወይም ከሁለቱ ቅልቅል ይሠራል። ፖሊስተር በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ ይኸውም በቡሬ አካባቢ ከኢጣልያ ጦር ጋር ውጊያ የተደረገበት ዓመት ነው። ጥጥ ላብን ይጠጣል፥ ለገላም ይስማማል፤ ነገር ግን ይሸበሸባል፥ በውሃም ይሰበሰባል። ፖሊስተር አይሸበሸብም፥ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ላብን ስለማይጠጣ በፀሐይ ይሞቃል። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢል ከውስጥ ጠርዝ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት መሞከር ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ከእሳቱ ሸሽቶ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ጥጥም ሁሉ አንድ አይደለም። እመቤቶች እንደሚያውቁት ጥጥ በሚገባ ሳይዳመጥና ሳይነደፍ ከተፈተለ ፈትሉ ይጐረብጣል። በፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ አጫጭሩ ጭረት ተበጥሮ የወጣለት ጥጥ ለስላሳ ጨርቅ ይሰጣል፤ ያልተበጠረው ግን ጠጕራም ይሆናል። በጠጕራም ጨርቅ ላይ የታተመ ሥዕል ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ጠጕሩ በቀለሙ መካከል ብቅ ብቅ እያለ መልኩን ያደበዝዘዋል። ፊትን የመሰለ ረቂቅ ሥዕል የሚያሳትም ሰው ይህን ሊያስተውል ይገባዋል።

ሁለተኛ፥ ክብደቱን መመርመር ነው። ነጋዴዎች የካናቴራን ጨርቅ የሚለኩት አንዱ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን በመናገር ነው። 140 ወይም 150 ግራም የሆነው ስስ ነው፤ ከ160 እስከ 180 ያለው መካከለኛ ነው፤ 200ና ከዚያ በላይ የሆነው ወፍራም ነው። የመካከለኛ ሰው ካናቴራ የሚፈጀው ጨርቅ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙ ስለማይርቅ በሱቅ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ክብደቱ ስለ ጨርቁ ይመሰክራል። ሚዛን ባይገኝ በነጩ ካናቴራ ውስጥ እጅን ማግባት ነው፤ የጣቶቹ መልክ ለይቶ ከታየ ልብሱ ስስ ነው። ለአንድ ቀን ሩጫ ስሱ ይበቃል፤ ለዓመታት እንዲቆይ ለሚፈለግ መታሰቢያ ግን ከ180 ባያንስ መልካም ነው።

ሦስተኛ፥ ስፌቱንና ልኩን ማየት ነው። በአንገቱ ዙሪያ ያለው ጥብጣብ ተስቦ ሲለቀቅ ካልተመለሰ ልብሱ ቶሎ ይላሽቃል። የትከሻውና የጠርዙ ስፌት ድርብ መሆን አለበት። በጐኑ ያለው ስፌት ደግሞ ከታጠበ በኋላ ወደ ሆድ ዞሮ ከተገኘ ጨርቁ ሲሠራ ተጣምሟል ማለት ነው፤ ሥዕሉም አብሮ ይጣመማል። አስቀድሞ ያልተሰበሰበ ጥጥ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ሊያጥር ይችላል፤ ስለዚህ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር የነበረው ካናቴራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያጣል። በአንገቱ ላይ የተጻፈው የልክ ፊደልም ከአገር አገር ስለሚለያይ አይታመንም። ካናቴራውን ዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት ለክቶ በሁለት ማባዛት፥ ይህንም ከሰውየው የደረት ዙሪያ ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ ስምንት ወይም ዐሥር ሳንቲ ሜትር ትርፍ ካለው ሰውየው ተመችቶት ይለብሰዋል።

ጨርቁ ከታወቀ በኋላ ከኅትመቱ ጋር ማጋባት ይቀራል፤ በዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በተወጠረ ወንፊት ቀለም እያሳለፉ የሚያትሙት ስክሪን ለጥጥ እጅግ ይስማማል፥ ብዙ ልብስ ሲሆንም ዋጋው ይቀንሳል። ለየቀለሙ አንዳንድ ወንፊት ስለሚያስፈልገው ግን ለጽሕፈትና ለቀላል ምልክት እንጂ ለጥቂት ባለፎቶግራፍ ልብስ አይመችም። በዚህ መንገድ በብዛት የሚሠራበት ቀለም እስከ 160 ዲግሪ ያህል ካልሞቀ አይበስልም፤ ያልበሰለ ቀለም ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት መሰንጠቅ ይጀምራል። ሰብሊሜሽን የሚባለው ቀለሙን በሙቀት ወደ ክሩ ውስጥ ስለሚያስገባው አይሰነጠቅም፥ በእጅ ሲዳሰስም አይታወቅም፤ ነገር ግን የሚይዘው ነጭ ወይም ፈዛዛ የሆነውን ፖሊስተር ብቻ ነው። በጥጥ ላይ ቢያደርጉት በውሃ ይሄዳል። ዲ ቲ ኤፍ የሚባለው ሥዕሉን በፕላስቲክ ላይ አትሞ በማጣበቂያ ዱቄትና በሙቀት የሚለጥፍ ሲሆን በጥጥም በፖሊስተርም፥ በነጭም በጥቁርም ላይ ይይዛል። ሥዕሉ ሰፊ ሲሆን ግን በደረት ላይ እንደ ልባጥ ሆኖ አየር ይከለክላል።

ስለ ልብሱ መልክም ጥቂት እንናገር። በስክሪን ሲታተም በጥቁር ካናቴራ ላይ ሥዕል እንዲታይ በሥሩ ነጭ ቀለም መደረብ አለበት፤ ይህም ኅትመቱን ያከብደዋል። ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ጽሕፈት ቢታተም የጨርቁ ቀለም በሙቀት ወጥቶ ነጩን ሐምራዊ ሊያስመስለው ይችላል። ለለቅሶ የተገዛ ጥቁር ካናቴራ ቀለሙ እንዳይለቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ መሞከር ይገባል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ደግሞ አፈሩ በብዙ ስፍራ ቀይ ስለ ሆነ ነጭ ካናቴራ ለሕፃናትና ለገበሬ ዘመድ ማደል ለአጣቢዋ ሸክም መጨመር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ልብሱን ማን ለምን ያህል ጊዜ ይለብሰዋል የሚለው ነው። የከተማው ልጅ ካናቴራውን አጣጥፎ በሣጥን ያኖረዋል። ከገጠር የመጣው የአጎት ልጅ ግን ደኅና ልብስ ሆኖ ካገኘው ገበያ ይወጣበታል፥ ጥቂት ሲያረጅም ያርስበታል፤ በመጨረሻም ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ልብስ ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። ነገር ግን የአባት ፊት በደረቱ ሙሉ የታተመበት ከሆነ ያ ፊት አብሮ ጭቃ ይነካዋል፥ አብሮም ይቀደዳል። ስለዚህ ስሙንና ዘመኑን በትንሽ ጽሕፈት በደረት በኩል አሳትሞ፥ ፎቶግራፉን ግን አንድ ብቻ በመልካም መስተዋት አስገብቶ በቤት ግድግዳ መስቀል ለሟቹም ለለባሹም የበለጠ ክብር ነው። ገንዘቡ የማይበቃ ቢሆን 60 ክፉ ካናቴራ ከማሳተም 40 መልካሙን ማሳተም ይሻላል። መዋጮውን የላከው ድኻ ዘመድ ከገንዘቡ የሚያገኘው ጥቅም ልብሱ ብቻ ነውና፥ ጨርቁ ቢያንስ እርሱን እንደ መበደል ይቈጠራል።

ሥራው ሁሉ ከመታዘዙ በፊት አንድ ካናቴራ ብቻ ማሳተም የማይታለፍ ነገር ነው። ይህን አንዱን ቀን አሳድሮ በቤት እንደሚታጠበው ሦስት ጊዜ በሳሙና ማጠብ፥ ማስጣት፥ ከዚያም ሥዕሉን በሁለት እጅ ወጠር አድርጎ ማየት ነው። ርዝመቱንም ከመታጠቡ በፊትና በኋላ መለካት ይገባል። ይህን ለማድረግ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል፤ በተለይም ካናቴራው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሲሆን። ጊዜ ያጠረው ሰው ያገኘውን ለመውሰድ ይገደዳልና።

በመልካም የተሠራውም ቢሆን በክፉ እጥበት ይጠፋል። የታተመ ካናቴራ ሲታጠብ ተገልብጦ፥ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይሁን። ከወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ መውቃት፥ ሥዕሉንም እርስ በርሱ ማሸት አይገባም። ሲሰጣም ተገልብጦ በጥላ ይሁን። የከሰል ካውያ በሥዕሉ ላይ ከዋለ ቀለሙን አቅልጦ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋልና ከውስጥ በኩል ብቻ መተኰስ ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። የሙሽራ ደስታ፥ የተመራቂ ልጅ ኵራት፥ የሟች አባት ስም በዚህ ርካሽ መስሎ በሚታይ ልብስ ላይ ይጻፋል። ብልህ ሰው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ወረቀቱን እንደሚመርጥ፥ ብልህ ቤተ ሰብም ሥዕሉን ከመምረጡ በፊት ጨርቁን ይምረጥ። ያን ጊዜ እናት ካናቴራውን ከገመድ ላይ ሲያነሡ የሚያነቡት ስም ከመታጠቡ በፊት እንደ ነበረው ሆኖ ይቈያቸዋል።