ሐዋሳን ከሦስት ልጆች ጋር

የቤታችን ትንሿ 3 ዓመቷ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። መካከለኛው 9 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ከሌለ እስከ ሁለት ሰዓት ይተኛል። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፤ ካልቀሰቀሱት የሚነሳው ለምሳ ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን ይህ ማንንም አያስቸግርም። ሦስቱን በአንድ መኪና ጭኖ፣ ሌላ ከተማ ወስዶ፣ ሁለት ሌሊት አሳድሮ መመለስ ሲታሰብ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቤተሰብ ለመዝናናት ወጥቶ ተኮራርፎ የሚመለሰው፣ እኔ እንዳየሁት፣ በገንዘብ ወይም በመንገድ ርዝመት አይደለም። አንዱ ሲርበው ሌላው እየተኛ፣ አንዱ ልሩጥ ሲል ሌላው ደክሞኛል እያለ ነው።

አብዛኞቻችን ጉዞ የምናቅደው የቦታ ስም እየደረደርን ነው፤ ጠዋት እዚህ፣ ከምሳ በፊት እዚያ፣ ማታ ደግሞ ወዲያ። ልጅ ለሌለው ሰው ይሠራ ይሆናል። ልጅ የያዘ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ ቀድሞ መጻፍ ያለበት የልጆቹን ሰዓት ነው፤ ማን መቼ ይነሳል፣ መቼ ይርበዋል፣ መቼ ይነጫነጫል። ቀጥሎ የከተማውን ሰዓት ይጽፋል። ሁለቱ የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ይሄዳል፣ በማይገጥሙበት ያርፋል። ሐዋሳን ለምሳሌ የወሰድኩት ለዚህ ነው። ጠዋት የዓሣ ገበያ፣ ቀትር ላይ ሙቀት፣ አመሻሽ ላይ የሐይቅ ዳር አየር፤ ማለዳ ለሚነሳና ከምሳ በኋላ ለሚተኛ ልጅ በልክ የተሰፋች ከተማ ናት።

ቀን ስትመርጡ ካሌንደር ተመልከቱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ከተማው መሀል ያለውን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ለበዓሉ ለመጣ ሰው ደስታ ነው፤ ለሽርሽር ለመጣ ግን አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ይወደዳል። ሌላው ፊቼ ጫምባላላ ነው፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፈረንጆች 2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂ ሽማግሌዎች በመሆናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል። አልጋ አስቀድማችሁ መያዝ ከቻላችሁ ከዚህኛው አትሽሹ። በጫምባላላ ዕለት የሲዳማ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ሆያ ሆዬ የጨፈረ ልጅ ነገሩን ሳይነግሩት ይረዳዋል። ከሁለቱም በዓላት ውጪ ከሆነ ዝናብ የማይበዛባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ይመቻሉ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ሞጆ በፈጣን መንገዱ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ደግሞ በአዲሱ የክፍያ መንገድ ሲኬድ ልጅ አያጉላላም። በአሮጌው መንገድ ግን ከብቱም፣ ጋሪውም፣ ባጃጁም መሀል አስፋልት ላይ ነውና የስልካችሁ ካርታ የሚነግራችሁን ሰዓት አትመኑት። ከመነሳታችሁ በፊት መስመሩን የሚመላለስ ሹፌር ደውላችሁ ጠይቁ፤ የመንገዱን ሁኔታ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትንሿን ከነፒጃማዋ አንስቶ ካር ሲቷ ላይ ማሰር በቂ ነው፤ ቁርስ ባቱ ላይ ይበላል። አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ በረራ ያደርሳል፤ ለአምስት ሰው ቲኬት መቁረጥ ግን ቀላል ወጪ አይደለም፣ ሰጎኗም ትቀራለች።

ሰጎን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባቱና ከላንጋኖ አለፍ ብሎ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ሰጎን ለማየት ከበሩ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ለትንሿ ሰጎን ማለት በመጽሐፍ ያየቻት ትልቅ ዶሮ ናት። ለትልቁ ግን ሰጎን አይበቃውም፣ ጥያቄ ያስፈልገዋል። የሻላ ሐይቅ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውሃው ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ነው። የሐዋሳም ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ግን ጨው አልሆነም፣ ዓሣ ይርመሰመስበታል። ለምን? ይህን መኪና ውስጥ ጣል አድርጌበት ዝም አልኩ። የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ከመሬት ሥር የሚሾልክበት መንገድ ሳይኖረው አይቀርም የሚለውን የባለሙያዎቹን ማብራሪያ ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ሻሸመኔ ደርሰን ነበር። ፓርኩ ውስጥ ፍል ውሃውን ለማየት ከወረዳችሁ የትንንሾቹን እጅ እንዳትለቁ፤ ውሃው ሥጋ ይልጣል።

ስለ ሆቴል ብዙ አልልም፤ ዋናው ነገር ከመሄድ በፊት መደወል ነው። አጎበር አለ? ሙቅ ውሃው ቀኑን ሙሉ ነው? ጄኔሬተር? ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ይገኛል? በረንዳው ላይ ያለው አጥር ለትንሽ ልጅ ክፍተቱ ምን ያህል ነው? አንድ ጥያቄ ደግሞ ከራሴ ተምሬ የጨመርኩት አለ፤ «ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አላችሁ?» አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው ሆቴል፣ ክፍላችን በቀጥታ ከጭፈራ አዳራሹ በላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ትንሿን ይዤ ኮሪደር ላይ ስመላለስ አድሬያለሁ። እንግዳ ተቀባዩ በማግስቱ ፈገግ ብሎ «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አለኝ።

አሁን ወደ ሐይቁ። የመጀመሪያው ጠዋት የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ መድረስ አለባችሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሄደ ያለቀ ገበያ ያያል። ጀልባዎቹ ሌሊት የተያዘውን ዓሣ ይዘው ይገባሉ፤ መረብ ይራገፋል፤ የሰፈሩ ልጆች ዓሣውን በቢላ ሲገፍፉ እጃቸው አይታይም። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ ጥቁር ካባ ደርበው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ የዕድር ዳኛ መስለው ይጠብቃሉ። ተረፈ ዓሣው ሲወረወር ዳኝነቱ ይቀራል። አንዳንዱ ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ከመካከለኛው ልጃችን ይረዝማል ማለት ነው። ትንሿ ፈርታ እሽኮኮ ካልተባለች አልሄድም አለች፤ ከትከሻ ላይ ሆና ግን ከሁላችን በላይ የሳቀችው እሷ ናት። የ9 ዓመቱ የጠየቀው እግራቸው ለምን ነጭ እንደሆነ ነበር። መልሱ ለዕድሜው የተሠራ ነው፤ አባ ኮዳ ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይጸዳዳል፣ እርጥበቱ ሲተን ያበርደዋል፣ ነጩ የደረቀው ነው። ክፍሉ በሙሉ ይህን ታሪክ ሰኞ ሰምቶታል።

እዚያው ዛፉ ላይ ሁለት ዓይነት እንግዳ አለ። ጉሬዛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቅጠል በሊታ ስለሆነ ራሱን ያከብራል። ጦጣዋ ግን ሙዝ የያዘ እጅ ታውቃለች። ምግብ በእጅ አለማሳየት ነው እንጂ ልጁን «ዝም ብለህ ቁም» ማለት አይሠራም።

ትልቁ የት ነበር? ተኝቶ። ይህ ብዙ ወላጆች የማይቀበሉት ምክሬ ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር አብሮ ማየት የለበትም። አንዱ ወላጅ ሁለቱን ትንንሾች ይዞ ገበያ ይሄዳል፣ ሌላው ከትልቁ ጋር ይቀራል። በሁለተኛው ጠዋት ተራው ይለወጣል፤ ትልቁ ከአንዱ ወላጅ ጋር ብቻውን ታቦር ተራራ ይወጣል። ኮረብታው ረጅም አይደለም፣ ሐይቁንና ከተማውን በአንድ ላይ ያሳያል፤ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ታናሾቹ በሌሉበት ቤት ውስጥ የማያወራውን ያወራል። ለአባትየው ያወራውን እኔ እስካሁን በሙሉ አልሰማሁም።

ስለ መካከለኛው ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሿ በልቅሶ፣ ትልቁ በኩርፊያ የፈለጉትን ያገኛሉ። መካከለኛው አያስቸግርም፤ ስለማያስቸግር እቅዱ ውስጥ ስሙ የለም። በሁለቱ ቀን ውስጥ አንድ ነገር እሱ ብቻ እንዲመርጥ አድርጉ፣ ምርጫው ሞኝነት ቢመስላችሁም። የኛው የመረጠው በባጃጅ ከተማውን መዞር ነበር፤ ሙዚየምም ሐይቅም አይደለም። ኮንትራቱን የተዋዋለው ትልቁ ነው። የቀኑን ትንንሽ ወጪ በፖስታ አድርገን ለእሱ ሰጥተነው ስለነበር፣ ቤት ውስጥ ብር የማይበረክትለት ልጅ ሐዋሳ ላይ ቆጣቢ ወጣው። በነገራችን ላይ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ለሚችል ልጅም ትመቻለች።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አታቅዱ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሙቀቱን አልለመደም። ትንሿ ትተኛለች፣ ትልቁ ስልኩን ይዞ ጥግ ይይዛል፣ ተዉት። መዋኛ ገንዳ ካለ ከመግባት በፊት ጥልቀቱ የት ላይ እንደሚጀምር ራሳችሁ ገብታችሁ ለኩ።

ሐይቁ ውስጥ ግን አይገባም። ዳር ዳሩ ላይ የሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሕዋስ ያስተላልፋሉ፤ ተሕዋሱ በቆዳ ነው የሚገባው፣ እግር ነክሮ መጫወትም ያው ነው። መዋኘት ያማራቸው ልጆች ላንጋኖ ላይ ይዋኙ። ሁለተኛው ወባ ነው። ማታ ረጅም እጅጌ፣ ሌሊት አጎበር። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ሐዋሳ ሄደን ነበር» የሚለውን ቃል ሳትጠየቁ ተናገሩ።

የጀልባውን ነገር ለጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ጉማሬ እናሳያችሁ የሚሏችሁ ጀልበኞች ብዙ ናቸው። ዋጋ ከመነጋገር በፊት የሕይወት ጃኬት አውጡ በሏቸው፤ የአዋቂ ጃኬት የ3 ዓመት ልጅ ላይ ማጥለቅ ውሃ ውስጥ ሾልካ እንድትቀር ማድረግ ነው። በልኳ ካልተገኘ እሷ ዳር ላይ ከአንዱ ወላጅ ጋር ትቀራለች፤ ታለቅሳለች፣ ከዚያ በቆሎ ሲገዛላት ትረሳዋለች። ጉማሬውም ከሩቅ ነው የሚያምረው፤ «ጠጋ ልበል?» ለሚል ጀልበኛ መልሱ አይሆንም ነው።

ምግብ ላይ የሚሳሳተው ሰው ሁሉም ከራበው በኋላ የሚያዝዘው ነው። ዓሣ እስኪጠበስ ጊዜ ይወስዳል፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማዘዝ ሰላም ይገዛል። ሙሉ የተጠበሰ ቆሮሶ ለትልልቆቹ ነው፣ አጥንቱ ብዙ ነው። ለትንሿ የዓሣ ሾርባ በአጥሚት ፋንታ፣ ወይም አጥንቱ የወጣለት የዓሣ ጉላሽ ያለ በርበሬ። ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉትን ትልቁ አይቶ «እኔም ልቅመስ» ማለቱ አይቀርም፤ እኛ ከልክለነዋል፣ ለጥገኛ ትል በር መክፈት ነው።

አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መውጣት ማንም ሳያቅድ የሚሆን ነገር ነው። ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ፀሐይ ወደ ማዶው ትገባለች፤ ትንሿ ትሮጣለች፤ ትልቁ ፎቶ ያነሳል፤ እኛ ቡና እንጠጣለን። አንድ ሰዓት ተኩል እዚያ መቀመጥ ከሦስት የጉብኝት ቦታ ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም።

የመመለሻው ቀን ላይ ደግሞ ማለዳ አትሮጡ። ሻንጣው ይጫን፣ ምሳ ቀደም ብሎ ይበላ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳ። ትንሿ የለመደችው የመኝታ ሰዓት ነውና ሻሸመኔን ሳናልፍ ትተኛለች፤ ዓይኗን ስትገልጥ ባቱ ደርሰናል፣ «ሰጎኗስ?» ትላለች።